ቀይ ነጥብ ሁሉ ጭስ አይደለም፦ ስለ ደሴ ጭጋግ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «የደሴን ሰማይ ያፈነው ጭስ ከየት መጣ? ሳተላይት አጋለጠው» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ጥር ላይ ደሴንና ኮምቦልቻን ለጥቂት ቀናት የሸፈነውን ጭጋግ ያነሱና የሰደድ እሳት ጭስ ነው ይላሉ። ማስረጃቸው ሦስት የሳተላይት ምስሎች ናቸው። አንዱ ላይ ቀያይ ነጥቦች አሉ። ሁለተኛው ላይ ነጣ ያለ ሽፋን ይታያል። ሦስተኛው ላይ ወሎ ብርቱካናማ ቀለም ተቀብታለች። ከዚህ ተነስተው ጭሱ የመጣው ከጋምቤላና ከደቡብ ሱዳን የሣር ቃጠሎ ነው፣ የቃሉና የባቲ ገበሬም ማሳውን እያቃጠለ አባብሶታል፣ ሁላችንም መርዝ ስንስብ ከርመናል፣ ሳተላይት እያለ ደግሞ ሌላ መለኪያ አያስፈልገንም ብለው ይደመድማሉ።

ጉዳዩን ማንሳታቸው ደግ ነው። ስለምንተነፍሰው አየር የሚጽፍ ሰው እዚህ አገር ብዙ የለም። ችግሩ ሳተላይቱ ያላለውን ማስባላቸው ነው። ሳተላይት ጥሩ ምስክር ነው፣ ግን ምስክር ዝም ብሎ አይታመንም፣ መቼ አየህ፣ ምኑን አየህ፣ ያየኸው ነገር ምን ያህል ከፍታ ላይ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ጸሐፊው ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቁም።

ከቀያዮቹ ነጥቦች ልጀምር።

«ነጥቦቹ ጭሱ የሚወጣባቸው ቦታዎች ናቸው፣ በበዙ ቁጥር ጭሱም ይበዛል» ይላሉ። ነጥቦቹን የወሰዱት ናሳ በነፃ ከሚያወጣው ፈርምስ ከሚባለው የእሳት ካርታ ነው። ካርታው ራሱ ግሩም ነገር ነው፣ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ ማየት ይችላል። ነጥቡ የሚናገረው ግን ስለ ሙቀት ነው። ሳተላይቱ ሲያልፍ ከዙሪያው ለየት ብሎ የጋለ ቦታ ካየ ምልክት ያደርጋል። አለቀ። ጭስ ይኑር አይኑር፣ ካለም ወዴት ሄደ የሚለውን ነጥቡ አያውቅም።

ደግሞ ነጥቡ የእሳቱን ስፋት አያሳይም። ሳተላይቶቹ ላይ የተጫነው ቪርስ የሚባለው መሣሪያ መሬቱን የሚያየው 375 ሜትር በ375 ሜትር እየከፋፈለ ነው፣ የቆየው ሞዲስ ደግሞ በ1 ኪሎ ሜትር። በዚያ ሳጥን ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ኃይለኛ እሳት ቢኖር ሳጥኑ በሙሉ ይመዘገባል፣ ነጥቡም መሐል ላይ ይቀመጣል። ካርታውን አርቃችሁ ስታዩት ነጥቦቹ እርስ በርስ ይደራረቡና አገሩ ሁሉ የሚነድ ይመስላል። ጸሐፊው የለጠፉት ምስል ከሱዳን እስከ ኬንያ የሚያሳይ ነው። በዚያ ርቀት እንኳን የበጋ ሣር ቃጠሎ፣ ምንም ነገር ያስፈራል። አጉልተው ቢያዩት ኖሮ በነጥቦቹ መካከል ስንት ባዶ መሬት እንዳለ ይታያቸው ነበር።

ራሳቸው በለጠፉት ምስል ላይ አፋር ውስጥ ያሉትን ነጥቦችስ ልብ ብላችኋል? እዚያ ምን ሣር አለ፣ ምን ጫካ አለ? ኤርታሌ ነው። እሳተ ገሞራው ይግላል፣ ሳተላይቱ ሙቀት ያያል፣ ነጥብ ያስቀምጣል። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን ኤርታሌም ማሳውን ያቃጠለ ገበሬ ሊሆን ነው። ናሳ ተጣርቶ በሚወጣው መረጃ ላይ የዕፅዋት እሳት የሚመስለውን፣ እሳተ ገሞራውንና ቋሚ የሙቀት ምንጩን የሚለይ ምልክት የጨመረው እኮ እንዲህ ዓይነት ነገር ስላለ ነው።

የሚብሰው ግን ተቃራኒው ነው። ብዙ ጭስ እያወጣ ነጥብ የማይመዘገብለት እሳት አለ። ከሰል የሚያከስል ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ እንጨቱን ቆልሎ በሣርና በአፈር ደፍኖ ቀስ እያለ እንዲበስል ያደርገዋል። ለቀናት ይጨሳል። ሙቀቱ ግን አፈሩ ሥር ነው፣ ጉድጓዱም ትንሽ ነው፣ ከላይ የሚያልፈው ሳተላይት ምንም ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። እርጥብ ቅጠል፣ ሥራሥር፣ እበት እንዲሁ ነው። እየተጨናበሰ የሚነድ እሳት ጭሱ ብዙ፣ ሙቀቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ የነጥብ ብዛት ቆጥሮ የጭስ መጠን መናገር አያስኬድም። ቢያንስ እያንዳንዱ ነጥብ ጎን የሚቀመጠውን በሜጋዋት የሚለካ የእሳት ኃይል ማየት ያስፈልጋል፣ እሱም ቢሆን ግምት ነው።

ወደ ቃሉና ባቲ ገበሬ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ጸሐፊው በነዚህ ወረዳዎች ላይ ስድስት ወይም ሰባት ነጥቦች አገኙና «ገበሬው የማሽላ አገዳውን እያቃጠለ ነው» ብለው ጻፉ። የቃሉ ገበሬ አገዳ ያቃጥላል? የበጋ የከብት መኖ እሱ ነው። ማገዶው እሱ ነው። አጥሩ፣ የጎተራው ክዳን ሳይቀር እሱ ነው። ቆቦ ድረስ ሂዱና አገዳ በማሳ ላይ በከንቱ የሚያነድ ሰው ፈልጉ፣ ጎረቤቱ ነው መጀመሪያ የሚጮህበት። ቁጥቋጦ የሚመነጥር፣ ለአዲስ እርሻ የሚያቃጥል ሰው የለም አልልም፣ አለ። ግን 375 ሜትር ስፋት ካለው ሳጥን ተነስቶ «ገበሬው፣ አገዳውን» ብሎ መፍረድ ከሳተላይቱ አቅም በላይ ነው። እዚያ ድረስ መውረድ ከተፈለገ ሴንቲኔል-2 የሚባል የአውሮፓ ሳተላይት አለ። እሱ ምስሉን እስከ 10 ሜትር አጥርቶ ያነሳል፣ የተቃጠለ መሬት ጠባሳ በደንብ ይታይበታል። ከቃጠሎው በፊትና በኋላ ያሉትን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ጥቁር የሆነው ማሳ ይሁን ቁጥቋጦ ማሳየት ይችሉ ነበር። አላደረጉም።

ሁለተኛው ምስል የሰዓት ጣጣ አለበት። ጸሐፊው «ከሰዓት በኋላ 10፡30 ላይ የተነሳ ነው፣ በዚያ ሰዓት ጉም አይኖርም፣ ስለዚህ ጭስ ነው» ብለዋል። ምስሉ ጥግ ላይ የተጻፈው 10፡30 ግን የዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ስትጨምሩበት በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 1፡30 ይሆናል፣ በእኛ 7፡30። ቪርስ የተጫኑባቸው ሳተላይቶችም በኛ ሰማይ ላይ የሚያልፉት በዚያው ግድም ነው፣ አንዴ ቀን በ7፡30 አካባቢ፣ አንዴ ሌሊት በ7፡30 አካባቢ። በእኛ 10፡30 ላይ አንድም ቪርስ እኛ ጋ አይደርስም። ጉም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይስ ይኖራል ወይ ለሚለው፣ ደሴ ያደገ ሰው ይመልስ። ጦሳ ተራራ አናት ላይ የተቀመጠ ጉም እኮ ቀኑን ሙሉ ሳይወርድ የሚውልበት ጊዜ አለ።

ሽፋኑ ራሱ ምንድነው? ነጣ ያለ ነገር ሁሉ ጭስ አይደለም። ጭስ ከላይ ሲታይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው፣ ጠርዙ የደበዘዘ ነው፣ ከሁሉም በላይ መነሻ አለው፤ አንድ ቦታ ላይ ጠቦ ይጀምርና እየሰፋ ይሄዳል። ደመና ይነጣል፣ ጠርዙም ይለያል። አቧራ ወደ ቡናማ ይጠጋል። በዓይን መለየት ካቃተ ዘዴ አለ። የጭስ ቅንጣት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ዓይናችን በማያየው አጭር ኢንፍራሬድ በሚባለው ብርሃን ሲታይ ጭሱ ይጠፋና ሥሩ ያለው መሬት ይወጣል፣ ደመናው ግን እዚያው ይቀራል። ወርልድቪው የሚባለው የናሳ የሳተላይት ምስል ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የቀለም ቅንብሩን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለአቧራ ደግሞ ሜቴዎሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የራሱ ቅንብር አለው፣ አቧራው ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ከአፋር ሜዳ የሚነሳ አቧራ ወደ ተራራችን ግርጌ ሲጠጋ ዓይታችሁ ከሆነ ለምን ይህን መጀመሪያ መጠርጠር እንደነበረባቸው ይገባችኋል። ጸሐፊው ግን አቧራ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም።

ከሁሉም በላይ አንድ ፎቶ እንቅስቃሴ አያሳይም። «ጭሱ ወደ ወሎ ሲጓዝ ይታያል» ይላሉ። በአንድ ምስል ላይ ምን ሲጓዝ ይታያል? ጉዞውን ማየት የፈለገ ሰው የሚሄደው ባለበት ሆኖ ምድርን ወደሚያየው ሳተላይት ነው። ከሜቴዎሳቶቹ አንዱ በህንድ ውቅያኖስ በኩል፣ በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሟል፣ ወሎን ከጎን ሳይሆን ከሞላ ጎደል ፊት ለፊት ነው የሚያየው። በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካል። እነዚያን ምስሎች ከንጋት ጀምሮ አከታትሎ ማጫወት ነው። የሸለቆ ጉም ከሆነ ባለበት ተኝቶ ፀሐይ ስትሞቅ ከጠርዙ እየተበላ ይጠፋል። ጭስ ከሆነ ከመነሻው እየተጎተተ ይሄዳል፣ በተለይ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ጠዋትና አመሻሽ ላይ ጎልቶ ይታያል። አቧራ ከሆነ እንደ ግንብ ሰፍቶ ይገፋል። ምስሉ እንደ ቪርስ የጠራ አይደለም፣ ግን ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገው ጥራት ሳይሆን ተከታታይነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ከጋምቤላና ከደቡብ ሱዳን መጣ ወደተባለው።

ጭስ ሩቅ አይሄድም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የካናዳ ጫካ ጭስ ኒው ዮርክን ብርቱካናማ አድርጓት ነበር፣ ወሩ ሳያልቅም አትላንቲክን ተሻግሮ አውሮፓ ደርሷል። ግን ጭስ የሚሄደው ንፋስ ወደሚወስደው ነው። በእኛ በጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በዝቅተኛው ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ንፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው። የደቡብ ሱዳንና የመካከለኛው አፍሪካ የሣር ጭስ በዚህ ወቅት ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ሲነዳ በሳተላይት ሲታይ የኖረ ነገር ነው። ወደ እኛ እንዲመጣ ንፋሱን ተቃውሞ፣ ከጋምቤላ ቆላ ተነስቶ የምዕራቡን ደጋ በሙሉ ወጥቶ፣ አባይን ተሻግሮ መድረስ አለበት። አንዳንድ ቀን ንፋስ ይገለበጣል፣ አይሆንም ማለት አይቻልም። ግን ሆነ ያለ ሰው የዚያን ቀን ንፋስ ያሳይ።

ጸሐፊው «የንፋስ ቀስቱ ከምዕራብ ነው» ብለው አንድ ካርታ ጠቅሰዋል። የየትኛው ከፍታ ቀስት? ከፍ ባለው ሰማይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት፣ በበጋ ከምዕራብ ይነፍሳል፣ እውነት ነው። ታች ደግሞ ከምሥራቅ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ሁለት ተቃራኒ ንፋስ።

ለዚህ ከሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ የተሻለ ማስረጃ የለም። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ላይ ሲፈነዳ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። የፈነዳው እዚሁ ጎረቤታችን ነው። የወጣው አመድ ግን ወደ ወሎ አልመጣም። ከፍ ያለው የምዕራብ ንፋስ ያዘውና ቀይ ባሕርን አሻግሮ የመንና ኦማን ላይ፣ ከዚያም ፓኪስታን ላይ አደረሰው፣ በማግስቱ ማታ ሰሜን ሕንድ ነበር። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። ይህን ሁሉ ጉዞ ሰዎች የተከታተሉት በሳተላይት ነው፣ ያውም ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ለአብራሪዎች መግለጫ እያወጣ። አያችሁ፣ ሳተላይት ሲሠራበት ይሠራል! እነሱ ግን መጀመሪያ የጠየቁት የአመዱን ከፍታ ነው፣ ከፍታው ካልታወቀ የቱ ንፋስ እንደሚወስደው አይታወቅምና። የሣር ቃጠሎ ጭስ ደግሞ እንደ እሳተ ገሞራ 14 ኪሎ ሜትር አይወጣም፣ አብዛኛው ታች ነው የሚቀረው። ስለዚህ የላይኛውን ቀስት ጠቅሶ የታችኛውን ጭስ ማጓጓዝ አይቻልም።

ወደ ኋላ ሄዶ አየሩ ከየት እንደመጣ የሚያሰላ ሃይስፕሊት የሚባል የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ተቋም ሞዴል አለ፣ በነፃ ይሠራል። ደሴን አስቀምጣችሁ፣ ሦስት የተለያዩ ከፍታዎች ሰጥታችሁ፣ የሦስት ቀን መንገድ ታስወጣላችሁ። ሦስቱም መስመሮች ወደ ደቡብ ሱዳን ካመሩ ጸሐፊው የሚናገሩት ነገር አላቸው ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞዴሉ የሚሠራበት የንፋስ መረጃ ብዙ ጊዜ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ በቀጥታ ቢለካ ከዚያም ያንሳል። በዚያች ርቀት ውስጥ ከ2,500 ሜትር ወደ 1,850 አካባቢ ትወርዳላችሁ። ሞዴሉ ሁለቱን ከተሞች አንድ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ገደሉን ደልድሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ጦሳንና አዝዋ ገደልን የማያውቅ ሞዴል ስለ ደሴ የጠዋት አየር ብዙ የሚነግረን የለም።

ሦስተኛው ምስል፣ ብርቱካናማው ካርታ፣ ሴንቲኔል-5ፒ ከሚባል ሳተላይት የመጣ ነው፣ የኤሮሶል (አየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ቅንጣት) ጠቋሚ ይባላል። ጸሐፊው «የጭስ ካርታ» ብለውታል። ብርሃን የሚውጥ ማንኛውም ቅንጣት እዚያ ላይ ይወጣል፣ ጭስም፣ አቧራም፣ የእሳተ ገሞራ አመድም። ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈውን ደግሞ አጉልቶ ያሳያል፣ መሬት ላይ የተኛውን አሳንሶ። ለመለየት እዚያው ሳተላይት ላይ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ካርታ ጎን ለጎን ማየት ነበር። በዝግ ቤት የከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው በዚህ ጋዝ ነው፣ ከቃጠሎ ይወጣል፣ ከአቧራ ግን አይወጣም። ኤሮሶሉ ደምቆ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝም ካለ አቧራ ነው ብሎ መጠርጠር ነው።

«ካርታው ቀልቷል፣ ስለዚህ መርዝ ተንፍሰናል» የሚለውም በዚሁ ይወድቃል። ሳተላይቱ የሚያየው ከሰማይ እስከ መሬት ያለውን አየር በአንድ ላይ ነው። ጋን ውስጥ ከአፉ አጎንብሳችሁ አይታችሁ አተላው የት ድረስ እንደደረሰ መናገር አይቻልም። የካናዳው ጭስ አውሮፓ ሲደርስ አብዛኛው ከፍ ብሎ ነው ያለፈው፣ ፀሐይዋ ቀላች እንጂ ሰው በአፍንጫው ብዙም አላወቀውም። ከፍታውን በሌዘር የሚለካ ሳተላይት አለ። ካሊፕሶ የሚባለው እስከ 2023 ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ደግሞ አውሮፓና ጃፓን አብረው ኧርዝኬር የተባለውን አመጠቁ። ግን የሚያየው ከሥሩ ያለችውን ቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ ደሴ ላይ እንዲያልፍ ዕድል ያስፈልጋል።

የሚገርመው ጸሐፊው ሩቅ አገር ሲያስሱ አጠገባቸው ያለውን ጭስ ዘለሉት። ደሴ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከተራራው ወርዶ ታች ይተኛል፣ ሞቃቱ አየር ከላይ ይከድነዋል። ጠዋት ላይ ስንት ሺህ ቤት በማገዶ፣ በከሰልና በኩበት ቁርስ ይሠራል? መኪናው፣ ባጃጁ፣ ዳር ላይ የሚቃጠለው ቆሻሻ ሲጨመርበት ጭሱ መውጫ የለውም፣ እስከ ረፋድ እዚያው ይቆያል። ኅዳር 12 ማለዳ ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ከተማዋን አይታችሁ ከሆነ ይህ ክዳን በዓይን ይታያል፤ ሰፈር ሁሉ ኅዳርን ሲያጥን ጭሱ ወደ ላይ ይወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ጠፍጠፍ ይላል። ሴንቲኔል-5ፒ አንዱን ሳጥን 5.5 በ3.5 ኪሎ ሜትር አድርጎ፣ ያውም ከቀትር በኋላ ክዳኑ ሲነሳ የሚያልፍ ስለሆነ ይህን ጭስ ሊያመልጠው ይችላል። ሳምባችን ግን አያመልጠውም።

«ሌላ መለኪያ አያስፈልገንም» የሚለውን ብዙ አልፈጅበትም። ክረምት ደመና ሲከድነን ሳተላይቱ ከላይ የደመና ጀርባ ነው የሚያየው። ደንቆሮ በሚባለው የወሎ ጫካ ውስጥ አስታው ቁጥቋጦና ጓሳው ሣር ቪርስ በሚያልፍባቸው ሁለት ሰዓቶች መሐል ተቀጣጥሎ ቢጠፋ ካርታው ላይ ላይኖር ይችላል፣ በ2011 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠልም እሳቱን ገደል ለገደል ያሳደዱት ሰዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለደቃቁ ብናኝ በ24 ሰዓት ያስቀመጠው መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ነው። አንድ መለኪያ ደሴ መሐል፣ አንድ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቹ አጠገብ፣ አንድ ሐረጎ ላይ ቢቀመጥ ከሳተላይቱ ጋር ተያይዞ ብዙ ነገር ይናገራል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፣ ተማሪዎች መመረቂያ ሊሠሩበት የሚችል ነገር ነው።

እስከዚያው ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ቀላል ነገር ነው። የሦስቱን ምስሎች ቀን፣ የዓለም አቀፍ ሰዓታቸውንና የሳተላይታቸውን ስም ይለጥፉልን። የሜቴዎሳቱን ተከታታይ ምስልና የካርቦን ሞኖክሳይዱን ካርታ እኔም ከፍቼ አያለሁ፣ ሌላውም ይክፈትና ይይ። ምንጩ እውነት ደቡብ ሱዳን ሆኖ ከተገኘ እንነጋገርበታለን። የቃሉና የባቲ ገበሬን ስም ግን ዛሬውኑ ከጽሑፉ ላይ ያውጡት።